ሜይደን ካስልን ያጠፉት ሮማውያን ናቸው?

ጥያቄው፦ «እንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት ውስጥ ሜይደን ካስል ስለሚባል የጥንት የኮረብታ ምሽግ አነበብኩ። ሮማውያን በ43 ዓ.ም. በሩን ሰብረው ሕዝቡን ጨፈጨፉ ይላል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ይህ ተረት ነው ተብሏል። ምሽጉን ማን ሠራው? ያን ሁሉ አፈር ያለ ማሽን እንዴት ቆፈሩት? መጨረሻውስ ምን ሆነ? ልጆቼን ይዤ ልሄድ ስላሰብኩ ምን ምን ማየት እንዳለብን ቢነግሩን።»

መልስ፦

ሮማውያን ጨፈጨፏቸው የሚለው ታሪክ በማስረጃ አይቆምም። በቦታው ተቆፍረው የተገኙት አጽሞች ግን ፈጠራ አይደሉም፤ ከሟቾቹ መካከል በሰይፍና በጦር የተገደሉ መኖራቸውም እውነት ነው። ውድቅ የሆነው ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠላት እጅ ሞቱ የሚለው ክፍል ነው። ይህ ለምን እንደሆነ የሚገባው ቦታው ደረጃ በደረጃ እንዴት እንዳደገ ላወቀ ሰው ስለሆነ፣ ከሥሩ ልነሳ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮረብታው ከዶርቼስተር ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። እንደ አምባ ዙሪያውን ገደል የከበበው አይደለም። ከጠመኔ ድንጋይ የተሠራ፣ ጀርባው እንደ ኮርቻ መሐሉ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሳይቸገር የሚወጣው ዳገት ነው። ተፈጥሮ መከላከያ ስላልሰጠችው መከላከያውን በሙሉ የሰው እጅ ነው የሠራው። ጠመኔ ለስላሳ ስለሆነ ይቆፈራል፤ ውኃም ስለሚያሳልፍ ጉድጓዱ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። እነዚህ ሁለት ባሕርያት ኋላ የምነግርዎትን ሁሉ የሚወስኑ ናቸው።

በኮረብታው ላይ መጀመሪያ የቆፈሩት ምሽግ ሠሪዎች አልነበሩም። በአዲስ የድንጋይ ዘመን፣ ከ3600 ቅ.ል.ክ. በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ገበሬዎች በምሥራቁ ጉብታ ላይ በሁለት ዙር ጉድባ የታጠረ መሰብሰቢያ አበጁ። ጉድባው ወጥ አልነበረም፤ እዚህም እዚያም ሳይቆፈር የተተወ መሻገሪያ ነበረው። ስለዚህ ጠላት ለማገድ የታሰበ አይመስልም። በዓል ማክበሪያ፣ ከብት መለዋወጫ፣ ሙታን መቅበሪያ ቢባል ይሻላል። ከዚያ በላዩ ላይ 546 ሜትር ያህል የሚረዝም ጠባብ የአፈር ጉብታ ተከመረ። የጉብታውን ዓላማ በእርግጠኝነት የሚናገር ባለሙያ ካጋጠመዎት ይጠራጠሩት። በነሐስ ዘመን መሬቱ ለጥቂት ጊዜ ታረሰ፤ ከዚያም ለረጅም ዘመን ሣር በቀለበት።

ምሽጉ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በብረት ዘመን፣ በ600 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው። «ገደማ» የምለው ከትሕትና አይደለም። ከ800 እስከ 400 ቅ.ል.ክ. ባለው ጊዜ የራዲዮካርቦን (በቅሪቱ ውስጥ ያለውን ካርቦን ለክቶ ዕድሜ የማወቂያ ዘዴ) ልኬትን ወደ ዓመት የሚቀይረው መስመር ዝርግ ይሆናል፤ በ750 የታጨደ እህልና በ450 የታጨደ እህል ተቀራራቢ ንባብ ሊሰጡ ይችላሉ። ለዚያ ዘመን የሚሰጠው ዕድሜ ከራዲዮካርቦኑ ይልቅ በሸክላው ዓይነትና በአፈሩ ንብርብር ቅደም ተከተል ላይ ይደገፋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ምሽግ በአንድ ቅጥርና በአንድ ጉድባ የተከበበ ሲሆን ስፋቱ 6.4 ሄክታር ነበር፤ ያረፈውም በዚያው በጥንቱ መሰብሰቢያ ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል ጎን ለጎን ሁለት በሮች ነበሩት፤ ይህ በዚያ ዘመን ምሽጎች ዘንድ እምብዛም አይታይም።

በ450 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ምሽጉ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ 19 ሄክታር ደረሰ። መጀመሪያ የተዘረጋው ያው ነጠላ ቅጥር ነው፤ ከዚያ በተከታታይ ትውልዶች ዋናው ቅጥር ከፍ ተደረገ፣ ጉድባው ጠለቀ፣ በውጭ በኩልም ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጥር ተጨመረ። በሮቹ ፊት ለፊት ደግሞ ጠመዝማዛ መግቢያዎች ተሠሩ። ዛሬ አንዳንዱ ቅጥር እስከ 6 ሜትር ከፍታ አለው። ስለዚህ «ማን ሠራው?» ለሚለው አንድ ንጉሥ ወይም አንድ ትውልድ መጥቀስ አይቻልም። የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፤ ሮማውያን በደረሱበት ጊዜ ዱሮትሪጌስ ይባሉ የነበሩት ሕዝቦች ቀደምት። በዚያው ወቅት በአካባቢው የነበሩ አነስተኛ ምሽጎች ብዙዎቹ ሲለቀቁ ይህኛው ግን ሰፋ። ለእኔ ይህ ከቅጥሩ ቁመት የበለጠ የሚናገር ነገር ነው፤ ሕዝቡና ጉልበቱ ወደ አንድ ቦታ እየተጠቀለለ መሄዱን ያሳያል።

ወደ ቁፋሮው እንምጣ። በድንጋይ ዘመን ዋናው መሣሪያ የአጋዘን ቀንድ ነበር። ዋናውን ግንድና ታችኛውን ቅርንጫፍ አስቀርተው ሌላውን ይቆርጡና፣ የቀረውን ጫፍ በጠመኔው ስንጥቅ ውስጥ አስገብተው ያነቅሉበታል። አካፋው ብዙውን ጊዜ የከብት ትከሻ አጥንት፣ መሸከሚያው ቅርጫት ነው። በብረት ዘመን ብረት ተጨመረ፤ የአሠራሩ ሥርዓት ግን ብዙ አልተለወጠም። በ1960 በዊልትሻየር፣ ኦቨርተን ዳውን ላይ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ቅጥርና ጉድባ ሠርተው ሁለቱን ዓይነት መሣሪያ ሲያወዳድሩ፣ የቀንዱ ቡድን ዘመናዊ ዶማና አካፋ ከያዘው ቡድን ያን ያህል የራቀ አልነበረም። ጊዜ የሚፈጀው ማንሳቱና ተሸክሞ ወደ ላይ መውጣቱ ነው።

ግምቱን በቁጥር እንየው። የጉድባው አፍ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ሜትር፣ ቅርጹም ወደ ታች የሾለ ነው እንበል። በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 25 ሜትር ኩብ ጠመኔ ይወጣል። አንድ ሰው ቆፍሮ፣ ተሸክሞ፣ ከምሮ በቀን 1 ሜትር ኩብ ይጨርሳል ብንል፣ 100 ሰው በቀን 4 ሜትር ርዝመት ይሠራል። ለ1 ኪሎ ሜትር 250 ቀን ነው። ገበሬ ግን ከአጨዳና ከእርሻ የሚተርፈው ጊዜ ውስን ነው፤ በዓመት 60 ቀን ቢሰጡ አራት ዓመት ይፈጃል። እነዚህ የእኔ መነሻ ግምቶች እንጂ የተለኩ አይደሉም፤ የሚያሳዩት ግን ሥራው ባሪያ የሚነዳ ፈርዖን እንደማያስፈልገው ነው። የሚያስፈልገው የአካባቢው መንደሮች በየዓመቱ ሰው የሚያወጡበት ስምምነትና ለሠራተኛው የሚበቃ እህል ነው።

የሚበላሸውስ ምንድን ነው? በደቡብ እንግሊዝ የጥንቶቹ ቅጥሮች ፊታቸው በቋሚ እንጨት የተደገፈ፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነበር። ያምራል፤ ነገር ግን አፈር ውስጥ የተተከለ እንጨት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይበሰብስና የኋላው ክምር ገፍቶ ይጥለዋል። ከላይ ደግሞ የክረምት ውርጭ ጠመኔውን ይሰነጥቀዋል፤ ፍርስራሹም ወደ ጉድባው ይወርዳል። የኦቨርተን ዳውን ሙከራ እንዳሳየው ጉድባ በፍጥነት የሚሞላው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክረምቶች ነው፤ ሣር ከያዘው በኋላ ይረጋጋል። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው እንጨቱን ትቶ አፈሩን እንደ ወረደው መከመር ነው፦ ከጉድባው ወለል እስከ ቅጥሩ ጫፍ አንድ ወጥ ዳገት ይሆናል። የሚበሰብስ ነገር የለውም። የሞላውን ጠርጎ ወደ ላይ መመለስ ጥገናም ማሳደጊያም ነው። ጠላት በሩጫ ወጥቶ መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በተለይ ሣሩ ረጥቦ ከሆነ። ዛሬ የሚያዩት ለስላሳ ሞገድ የሚመስል ቅርጽ ሁለት ሺህ ዓመት የዘለቀው በዚህ አሠራር ነው።

ስለ ቅጥሮቹ መደራረብ አንድ የቆየ ማብራሪያ ሊያነቡ ይችላሉ። ሞርቲመር ዊለር፣ ከባለቤቱ ከቴሳ ዊለር ጋር ከ1934 እስከ 1937 ቦታውን የቆፈረው አርኪዮሎጂስት (ቴሳ ሥራው ሳያልቅ በ1936 አርፋለች)፣ ቅጥሮቹ የተደራረቡት ለወንጭፍ ውጊያ ነው ብሎ ነበር። የወንጭፉን ስልት ያመጡትም ጁሊየስ ቄሳር በ56 ቅ.ል.ክ. ድል ካደረጋቸው፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ ሰሜን ምዕራብ ይኖሩ ከነበሩት ከቬኔቲ ሕዝቦች የሸሹ የባሕር ማዶ ስደተኞች ናቸው አለ። ወንጭፉ እውነት ነው፤ በምሥራቁ በር አጠገብ ከ20,000 በላይ የወንጭፍ ጠጠር ተከማችቶ ተገኝቷል፤ ጠጠሩ ከቼሲል የባሕር ዳርቻ ተለቅሞ የመጣ ድቡልቡል ነው። ስደተኞቹ ግን ቀሩ፤ ቅጥሮቹ ከቄሳር ዘመን እጅግ ቀድመው የተሠሩ ናቸውና።

ውስጡ ባዶ ሜዳ አልነበረም። ክብ ጎጆዎች፣ በአራት ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብለው የቆሙ ጎተራዎችና በርካታ የእህል ጉድጓዶች ነበሩበት። አርኪዮሎጂስቱ ኒል ሻርፕልስ በ1985 እና 1986 ባካሄደው ቁፋሮ በኋለኛው ዘመን ጎጆዎቹ በረድፍ ይሠሩ እንደነበር ታይቷል። ጉድጓዶቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጎብኚ ሁሉ «ቆሻሻ መጣያ» እያለ የሚያልፋቸው ናቸውና። አሠራሩን ፒተር ሬይኖልድስ በሃምፕሻየር፣ በትሰር በሚባለው የሙከራ እርሻ ደጋግሞ ፈትሾታል። ጉድጓዱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይቆፈራል፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ። ጠመኔ ላይ ከሆነ ልስን ወይም ገለባ አይፈልግም። በደንብ የደረቀ እህል እስከ አፉ ይሞላል፤ ባዶ ቦታ ከቀረ አየር ይቀራል። ከዚያ በጭቃ ወይም በእበት ይደፈንና አፈር ይከመርበታል። ግድግዳውን የነካው ስስ የእህል ሽፋን እርጥበት አግኝቶ ይበቅላል፤ ሲበቅል ኦክስጅኑን ይጨርስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ ቡቃያው ራሱ ይቆማል፣ ነቀዝና ሻጋታም አይራቡም። የቀረው እህል እስከ ጸደይ ደኅና ይቆያል፤ ለዘርም ይበቅላል።

የሐረርጌ ማሽላ ጉድጓድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ሳይነገረው ይገባዋል፤ ችግሩም አንድ ዓይነት ነው። ክዳኑ ከተሰነጠቀና ዝናብ ከሰረገ ቡቃያው ሳይቆም ይቀጥላል፣ እህሉ ይሞቃል፣ ይበሰብሳል። አንዴ የተከፈተ ጉድጓድ ደግሞ ቶሎ መጨረስ አለበት፤ ሳይናፈስ የሚገባበት ሰው በታመቀው አየር ታፍኖ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በምሽጉ ውስጥ የሥራ ክፍፍል ነበር ብሎ ማሰብ ያስኬዳል፦ የዕለት ቀለብ በጎተራ፣ ዘርና መጠባበቂያ በጉድጓድ። ይህ ከሆነ ምሽጉ በጦርነት ቀን ብቻ የሚሸሹበት ሳይሆን የአካባቢው የዘር ክምችት የሚጠበቅበት ነበር።

አሁን ወደ ጭፍጨፋው። ዊለር በምሥራቁ በር ፊት ለፊት የመቃብር ቦታ አገኘ፤ ቢያንስ 52 አጽሞች ወጡ። ከእነዚህ የተወሰኑት የራስ ቅላቸው በስለት ተመትቷል። የአንዱ አከርካሪ አጥንት ውስጥ የብረት ጫፍ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ዊለር ይህን ባሊስታ ከሚባለው የሮማውያን ማስወንጨፊያ የተተኮሰ ነው አለ። በዙሪያው የአመድና የከሰል ንብርብር ነበር። ከጽሑፍ ምንጭ ደግሞ ሮማዊው ጸሐፊ ሱዌቶኒየስ፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ቬስፓሲያን በብሪታንያ ዘመቻ ከሃያ በላይ ምሽጎችና የዋይት ደሴትን እንደያዘ ጽፏል። ዊለር፣ ራሱም የመድፈኛ መኮንን የነበረ ሰው፣ እነዚህን አገጣጠመና በ1943 ባሳተመው ዘገባ ትረካውን አቀረበ፦ ሁለተኛው አውጉስታ የሚባለው የሮማውያን ክፍለ ጦር በባሊስታ ሸፍኖ ወጣ፣ በሩ ላይ ያሉትን ጎጆዎች አቃጠለ፣ ሴት ከወንድ ሳይለይ ፈጀ፤ የተረፉትም በሌሊት በጥድፊያ ሙታናቸውን ቀበሩ። ጽሑፉ የሚማርክ ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

አንድ በአንድ ሲፈተሽ የሚቀረው ትንሽ ነው። ሱዌቶኒየስ ሜይደን ካስልን በስም አይጠራም። የከሰሉ ንብርብር የተቃጠለ ጎጆ መሆኑ አልተረጋገጠም፤ በዚያው በር አጠገብ ብረት ይሠራ ስለነበር ከሰልና ዝቃጭ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። መቃብሮቹም የጥድፊያ አይመስሉም፦ ብዙዎቹ ሙታን ጉልበታቸው ታጥፎ በጎናቸው ተጋድመዋል፣ አጠገባቸው የሸክላ ዕቃና የሥጋ ብልት ተቀምጦላቸዋል። ይህ የዱሮትሪጌስ የተለመደ የቀብር ሥርዓት ነው። አከርካሪው ውስጥ ያለው ብረትም ከእጅ የተወረወረ ጦር ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ እዚያው ዶርሴት፣ ሆድ ሂል በሚባለው ምሽግ የባሊስታ ጫፎች በአንድ አካባቢ ተሰባስበው ተገኝተዋል፤ የሮማውያን ተኩስ የሚተወው ዱካ ይህን ይመስላል። በሜይደን ካስል እንዲህ ያለ ክምችት የለም።

ሻርፕልስና ሌሎች ይህን ጥርጣሬ ካነሱ ቆይተዋል። ወሳኙ ግን በ2025 የበርንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አዲስ የራዲዮካርቦን ልኬት ነው። ሞቶቹ በአንድ ዓመት የተፈጸሙ አይደሉም፤ ከአንደኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. መጨረሻ እስከ አንደኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. መጀመሪያ ባሉ ትውልዶች መካከል፣ በተለያዩ አጋጣሚዎች የተሰራጩ ናቸው። እንግዲህ ግድያው ነበር፤ የሚያስኬደው ንባብ ግን የአካባቢው ሰዎች እርስ በርስ የተጋደሉበት፣ ምናልባትም የሥልጣን ሽኩቻና የበቀል ዘመን ነው።

ዊለርን ራዲዮካርቦን ሲያርመው ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በረጅሙ ጉብታ ምሥራቅ ጫፍ የተቆራረጠ የሰው አጽም አግኝቶ የድንጋይ ዘመን አስፈሪ ሥርዓት አድርጎ አቅርቦት ነበር፤ ሲለካ ሰውየው ከአንግሎ ሳክሰን ዘመን ሆኖ ተገኘ፤ በአራት ሺህ ዓመት የሚበልጥ ልዩነት። ለፍትሕ ያህል ግን የዊለር ቁፋሮ ለጊዜው በጣም ጥንቁቅ ነበር፤ መሬቱን በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ በመካከል ያልተቆፈረ ግድግዳ እየተወ ንብርብሩን መዝግቧል። ዛሬ እሱን መተቸት የተቻለው እሱ በመዘገበውና ባስቀመጠው አጽም ነው።

መጨረሻው እንግዲህ ዝግ ያለ ነበር። ከሮማውያን መምጣት በፊትም የምሽጉ ውስጥ ኑሮ ሳስቶ፣ ሕዝቡ ከቅጥሩ ውጭና በሸለቆው መስፈር ጀምሮ ነበር። በአንደኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. የዱርኖቫሪያ ከተማ፣ የዛሬው ዶርቼስተር፣ ሲመሠረት ኮረብታው የሚያስፈልግበት ምክንያት ቀረ። በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ክርስትና በግዛቱ ውስጥ እየተስፋፋ ሳለ፣ በምሥራቁ ክፍል አንድ አነስተኛ የአረማውያን ቤተ መቅደስ ተሠራበት። ከዚያ ወዲህ የበግ መሬት ነው።

ለጉብኝቱ፦ መግቢያ በነፃ ነው፤ የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው። ላይ ሱቅ፣ ጥላ፣ ውኃ የለም፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ ለልጆቹ ጫማ የማያንሸራትት ይሁን፤ የረጠበ ጠመኔ እንደ ሳሙና ነው። ከመኪና ማቆሚያው የሚያወጣው መንገድ ወደ ምዕራቡ በር ያደርሳል። እዚያ ቀጥታ ወደ ውስጥ አይቸኩሉ፤ በቅጥሮቹ መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ተከትለው ሲገቡ የሚመጣ ሰው ስንት ጊዜ ጎኑን ለተከላካይ እንደሚያጋልጥ ይቁጠሩ። ልጆች ይህን ይወዱታል። ከገቡ በኋላ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ መሐል ላይ ሜዳውን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጥ ዝቅተኛ እርከን መሰል መስመር ያገኛሉ፤ ብዙ ሰው ረግጦት ያልፋል። እሱ የመጀመሪያው የ6.4 ሄክታር ምሽግ ምዕራባዊ ጠርዝ ነው፤ ያንን ካወቁ ምሽጉ በሁለት ደረጃ ማደጉ በዓይን ይታያል። ረጅሙ ጉብታ ግን በጣም ስለተሸረሸረ ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ጧት ወይም ወደ ማታ፣ በጥላው ካልሆነ አይለይም። ቀጥሎ የቤተ መቅደሱን የድንጋይ መሠረት ይዩና በምሥራቁ በር ይጨርሱ፤ መቃብሮቹ የነበሩት እዚያ ነው፣ አሁን ሣር ብቻ ቢሆንም።

በዓይን የሚታይ ዕቃ ከፈለጉ ዶርቼስተር ያለው የዶርሴት ሙዚየም ይግቡ፤ ብረት የተሰካበት አከርካሪ አጥንት ከታወቁት ቅርሶቹ አንዱ ነው። መግለጫውን ሲያነቡ ከላይ ያልኩትን ያስታውሱ። ከመሄድዎ በፊት ደግሞ የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በነፃ የሚለቀውን የላይዳር (ከአየር በሌዘር ብርሃን የተለካ) ካርታ በኮምፒውተር ይክፈቱ፤ ሣሩን ገፎ የመሬቱን ውጣ ውረድ ስለሚያሳይ እግር ያልለየውን መስመር ያሳያል። ብረት ፈላጊ መሣሪያ ይዞ መግባት ግን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጠጠርም ሆነ ገል ከመሬት አያንሱ፣ ቅጥሩ ላይም በቀጥታ አይውጡ። ሣሩ በእግር ከተላጠ ጠመኔው ይጋለጥና ውርጩ ሥራውን ይጀምራል።